ጉዱ ካሳ ብልባላ ሲገባ

እስቲ ቀረብ ቀረብ በሉና ስሙኝ። ከላሊበላ በስተሰሜን፣ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ብልባላ የምትባል የላስታ ከተማ አለች። ወደዚያች ከተማ አንድ እንግዳ መጥቶ ነበር። በበቅሎ አልመጣም፤ በእግሩም አልመጣም። የመጣው በራዲዮ ነው። ስሙ ካሳ፣ የአባቱ ስም ዳምጤ፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ግን ጉዱ ካሳ ብሎ ነው። መጥቶ ምን አደረገ? ጌቶችን አጋለጠ፣ ካህናትን ነካ፣ በልማድ የታሰረውን ሁሉ ወቀሰ፤ ይህን ሁሉ ያደረገውም ቤት ሙሉ ሰው እያሳቀ ነው። ዕድሜያቸው የገፋ የብልባላ ሰዎች በጊዮርጊስ ጽዋ ላይ ተሰብስበው ያን ጊዜ ሲያነሡ ሰማሁ፤ የሰማሁትንም ልተርክላችሁ ተነሣሁ።

እንግዳውን የፈጠሩት ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። ጎጃም ውስጥ ተወልደው በቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉ፣ ጣልያን አገራችንን ሲወር ከራስ እምሩ ጋር ዘምተው የተማረኩ፣ በኢጣልያ ሰባት ዓመት ያህል የታሰሩ፣ ከዚያም ለአገራቸው ዲፕሎማትና ሚኒስትር የሆኑ ሰው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. አሳተሙ። መጽሐፉ ወፍራም ነው፤ ገዝቶ ለማንበብ ገንዘብም ፊደልም ይጠይቃል። በዚያን ዘመን ከላስታ ገበሬ ስንቱ ሁለቱንም ነበረው? ስለዚህ ለብልባላ ሰው መጽሐፉን የሰጠው ሌላ ሰው ነው። እሱም ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ ነው። በደርግ ዘመን በኢትዮጵያ ራዲዮ፣ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት፣ መጽሐፉን በድምፁ ተረከው። እኔ እንደማምነው በአማርኛ ራዲዮ ከዚያ ወዲህም ሆነ ከዚያ በፊት ይህን የሚያህል ነገር አልተሰማም።

ብልባላን ለማታውቋት ጥቂት ልበል። ከአለት የተፈለፈሉ ሁለት አብያተ ክርስቲያናት አሏት፤ ብልባላ ጊዮርጊስና ብልባላ ቂርቆስ። በጊዮርጊስ ግድግዳ ውስጥ ንቦች ሰፍረው ይኖራሉ፤ ማራቸውን ሰው ለበረከትና ለመድኃኒት ይወስደዋል። ይምርሃነ ክርስቶስን ሊሳለም የሚሄድ መንገደኛም በዚያው በኩል ያልፋል። እንግዲህ አስቡት፤ አገሩ የካህን አገር ነው፣ የዲያቆንና የደብተራ አገር ነው። ቤተ ክርስቲያንን የሚያገለግል ሰው ብዙ ነው። በራዲዮ የመጣው ታሪክ ደግሞ የሚሆነው ዲማ ጊዮርጊስ ነው። ጎጃም ያለ ዲማ ይሁን እንጂ ታቦቱ ያው ጊዮርጊስ ነው። ስለዚህ የብልባላ ሰው ታሪኩን እንደ ሩቅ አገር ወሬ አልሰማውም። የራሱ ደብር፣ የራሱ ቅኔ ቤት፣ የራሱ ጌታና ሎሌ መስሎ ታየው።

ራዲዮን ያኔ በየቤቱ አልነበረም። ያለው ሰው ደግሞ የባትሪ ድንጋዩን እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቀው ነበር። አንድ አዛውንት እንዲህ ብለው ነገሩኝ፦ «ድንጋዩ ሲደክም አውጥተን ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን። ትንሽ ነፍስ ይዘራል። ዜናውን እንኳ ትተን ድንጋዩን ለወጋየሁ እናስቀምጠዋለን።» ሲመሽ ጣቢያው ጥርት ይል እንደነበርም አይረሱትም። ይህ እውነት ነው፤ ምክንያትም አለው። በመካከለኛ ሞገድ የሚተላለፍ ድምፅ ቀን መሬት ለመሬት ስለሚጓዝ በርቀትና በተራራ ብዛት ይደክማል። ሌሊት ግን ከላይኛው የሰማይ ንጣፍ ላይ እየነጠረ ሩቅ አገር ይደርሳል። እነ አቡነ ዮሴፍን በመሰሉ ተራሮች መካከል ለሚኖር ሰው ጨለማው የራዲዮ ወዳጅ ነበር።

ሰው ይሰበሰባል። መደብ ላይ ሽማግሌዎች፣ መሬት ላይ ጎረምሶች፣ ጓዳ ውስጥ ሴቶች። ራዲዮኑ ከፍ ካለ ቦታ ይቀመጣል። ወጋየሁ ይጀምራል። አንድ ሰው ነው፤ ግን ቤቱ በሰው ይሞላል። የፊታውራሪ መሸሻ ኩራት ይመጣል፣ የወይዘሮ ጥሩአይነት ጭንቀት ይመጣል፣ የሰብለ ወንጌል ልስላሴ ይመጣል፣ ጉዱ ካሳ ለብቻው እያወራ ይመጣል። ቅጂው ዛሬም ስላለ እኔም ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ወጋየሁ ሰውን ለማሳቅ አይሮጥም። ፊታውራሪውን ሲሆን ከልቡ ፊታውራሪ ነው፤ አይሳለቅባቸውም፣ ድምፁን አያጣምምባቸውም። ሰውየው ስለ ዘራቸው ሲመኩ የሚናገሩትን ሁሉ እንደሚያምኑት አድርጎ ይናገረዋል። ሳቁ የሚመጣውም ከዚያ ነው። ትዕቢተኛ በራሱ አፍ ሲጋለጥ ማንም መግፋት አያስፈልገውም። ዛሬ በየመድረኩ ድምፃቸውን እያሰለሉና እየጮሁ ሊያስቁን የሚታገሉ ልጆች ይህን ቢሰሙ እንዴት ደስ ባለኝ።

አሁን ወደ ጽዋው ልመለስ። ማኅበርተኛው በልቶ፣ ጠላውን ቀምሶ፣ ጨዋታው ደራ። አንዱ የወጋየሁን ስም አነሣ። እኔም «ከሁሉ የማትረሱት የቱን ነው?» አልኩ። ጥያቄው ቀላል መስሎኝ ነበር። ሁሉም ያንኑ ትረካ ሰምተው፣ አንዳቸውም ከሌላው ጋር አንድ ዓይነት መልስ አልሰጡኝም።

መጀመሪያ የተናገሩት አንድ መምሬ ናቸው። ያኔ ዲያቆን ነበሩ። እሳቸው የማይረሱት በዛብህን ነው። ታሪኩን ታውቁታላችሁ፤ በዛብህ በልጅነቱ ሕመም እየጸናበት ሲያስቸግር፣ የማንኩሳዎቹ ወላጆቹ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ከሞት ቢተርፍላቸው ሳያገባ ቤተ ክርስቲያንን እንዲያገለግል ተሳሉ። ልጁ ተረፈ፣ ተማረ፣ ዲማ ገባ፣ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ተቀጠረ፤ ከዚያ ፍቅር ያዘው። መምሬ እንዲህ አሉ፦ «እኔንም አባቴ ለቂርቆስ ተስሎ ነው የሰጠኝ። ያን የሰማሁ ጊዜ ተነሥቼ ወጣሁ። የቤተ ክርስቲያን ስለት በራዲዮ ይቀለዳል ወይ ብዬ ተቆጣሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ግን ከሁሉም ቀድሜ ተገኘሁ።»

«ለምን ተመለሱ?» አልኳቸው።

«ቀልድ እንዳልሆነ ገብቶኝ ነዋ። የተሳለው ልጁ አይደለም። ወላጆቹ ናቸው። እኔን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እሱንም የጠየቀው የለም። ስለቴን አላፈረስኩም፤ እስካሁን አገለግላለሁ፤ ግን ያን ቀን ከራዲዮኑ የሰማሁትን ጥያቄ ከዚያ በፊት ማንም አንሥቶልኝ አያውቅም ነበር።»

መምሬ ይህን ሲሉ ቤቱ ዝም አለ። ዝምታውን የሰበረው አንድ ገበሬ ነው። የእሱ ትዝታ የባላገሮቹ መሪ አበጀ በለው ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ባላገሩ ያልተገባ ግብር አናስገባም ብሎ ሲያምፅባቸው በቁጣ ዘምተው ሊቀጡት ይሄዳሉ። ሊማርኩ የሄዱት ጌታ ራሳቸው ተማርከው ቁጭ ይላሉ። ገበሬው ይህን ሲያወራ ተነሥቶ ቆሞ ነበር። አባቱ ለባለጉልት ምን ምን ይሰጥ እንደነበረ ቆጠረልን፤ ማሩን፣ በጉን፣ የጉልበቱን ቀን። የገጠር መሬት አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ከታወጀ ገና ብዙም አልራቀም ነበርና በዚያ ራዲዮ ዙሪያ ትናንት የገበረና ትናንት ያስገበረ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር።

ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ። የአንድ ባለጉልት የልጅ ልጅ በዚያ ቤት ውስጥ ነበር። ጌታው በባላገሮቹ እጅ ሲወድቁ ሁሉም ሰርቆ ወደ ልጁ ተመለከተ። ሳቅ አፋቸው ላይ ደርሶ አፍነውታል። ከዚያ ልጁ ራሱ ቀድሞ ሳቀ። በሳቁ ቤቱ ፈነዳ። ገበሬው እንዲህ አለኝ፦ «ከእሱ ጋር ከዚያ ወዲያ ወዳጅ ሆንን። አበልጅም ሆንን።» አዋጅ መሬት ሊያከፋፍል ይችላል፤ ሁለት ጎረምሶችን ግን አንድ ላይ አያስቅም። ያን ያደረገው ትረካው ነው።

ሦስተኛው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። እሳቸው የጉዱ ካሳን የሕንጻ ምሳሌ ያስታውሳሉ። ካሳ ማኅበረሰቡን በድንጋይ እንደተሠራ ሕንጻ ያየዋል፤ ታች ያሉት ድንጋዮች የላዮቹን ይሸከማሉ፣ የተሸከሙት ከቦታቸው የተንቀሳቀሱ ዕለት ላይ ያሉት ምን ይሆናሉ? ደርግ መጽሐፉ በራዲዮ እንዲተረክ መፍቀዱ ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። የፊውዳሉን ሥርዓት የሚያወግዝ ታሪክ ነውና ለጊዜው የሚመች ነበር። መምህሩ ሲናገሩ፦ «ከመካከላችን የወረዳ ካድሬ ነበረ። በፊታውራሪው ሲሳቅ ከሁላችንም በላይ የሚስቀው እሱ ነበር። የሕንጻው ነገር ሲመጣ ግን ሳቁን ተወው። እኔም ዝም አልኩ። ያን ጊዜ በላያችን ማን እንደተቀመጠ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ዓይን ለዓይን ተያየን፤ ማንም ምንም አላለም።»

ያ የሐዲስ ዓለማየሁ ጥበብ ነው። ስለ አንድ ዘመን ጌቶች የጻፉት ሌላ ዘመን ሲመጣ የሚቀጥለውን ጌታ ፍለጋ ይሄዳል። መጽሐፉ በንጉሡ ዘመን ታተመ፣ በደርግ ዘመን በራዲዮ ተተረከ፣ ከዚያም በኋላ በመጣው ዘመን በካሴትና በስልክ ተሰማ፤ በእያንዳንዱ ዘመን ሰሚው ፊታውራሪ መሸሻን በአቅራቢያው ያገኛቸዋል።

በራዲዮ የሚመጣ ሳቅ እንዲህ ያለ ጉልበት እንዳለው ሌላውም ዓለም ቀድሞ አይቶታል። በፈረንጆቹ 1926፣ በእኛ ጥር 1918 ዓ.ም.፣ ሮናልድ ኖክስ የተባለ እንግሊዛዊ ካህን ከኤድንብራ በቢቢሲ ቀልድ አሰማ። ካህን መሆኑን ልብ በሉ። የዜና አንባቢ መስሎ፣ በየመካከሉ ሙዚቃ እያስገባ፣ ሥራ ያጡ ሰዎች ሎንዶንን እንደበጠበጡ፣ ታላቁ የፓርላማ ሰዓት እንደፈረሰ፣ አንድ ሚኒስትር በመንገድ መብራት ላይ እንደተሰቀለ ተናገረ። ቀልድ መሆኑ ከመጀመሪያው ተነግሮ ነበር። ሆኖም ብዙ ሰው እውነት መስሎት ደነገጠ፤ በማግስቱም በረዶ ጥሎ ጋዜጣ በየገጠሩ በወቅቱ ስላልደረሰ ድንጋጤው ሰነበተ። ኦርሰን ዌልስ በአሜሪካ የማርስ ፍጡራን ወረሩን የሚል ድራማ ያሰማው ከዚያ 12 ዓመት በኋላ ነው።

ልዩነቱን ተመልከቱ። የእንግሊዝ ሰሚ ልብ ወለዱን እውነት ብሎ ተሸበረ። የብልባላ ሰሚ ልብ ወለድ መሆኑን ያውቃል፤ ግን እውነት አገኘበት። ለዚህ የላስታ ሰው ልምድም አለው ብዬ አምናለሁ። ላሊበሎች ጎህ ሳይቀድ በየደጁ ቆመው ሲያዜሙ ስንት ዘመናቸው ነው? ፊታቸው አይታይም፤ ድምፃቸው ግን ቤት ይገባል። የሰጠውን ይመርቃሉ፣ የነፈገውን ይነካሉ፤ ባለቤቱ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኖ ስለ ራሱ ይሰማል። ወጋየሁም እንዲሁ ነው የገባው። ፊቱ ያልታየ ድምፅ፣ በጨለማ መጥቶ፣ ስለ ራሳችን ነገረን።

እስካሁን የነገርኳችሁ የወንዶቹን ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ገና ነው። አንዲት እናት ከጓዳ በር አጠገብ ተቀምጠው እየሰሙ ነበር። ያኔም እንደዚሁ ከጓዳ ነበር የሰሙት፤ ጠላ እየቀዱ። በቤታቸው የነበረው ራዲዮን በ77ቱ ክፉ ቀን ለእህል ተሸጧል። ድምፁን ግን አልሸጡትም፤ ብዙውን በቃላቸው ያውቁታል። ወንዶቹ ሲጨርሱ ነው የተናገሩት።

«እናንተ በፊታውራሪ መሸሻ ሳቃችሁ» አሉ። «አጥንት ሲቆጥሩ፣ ይህ አይመጥናትም፣ ያ አይመጥናትም እያሉ የልጃቸውን የጋብቻ ዕድሜ ሲያሳልፉባት ሳቃችሁ። እኔ ጠላ ይዤ ቆሜ አያችሁ ነበር። ሌሊት እንደዚያ ስትስቁ አምሽታችሁ፣ ጠዋት ሽማግሌ ሲመጣባችሁ ምን ጠየቃችሁ? ዘሩ ማነው አላላችሁም? መምሬ፣ እርስዎስ ልጅዎን ሲድሩ ሰባት ቤት አልቆጠሩም? እኔንስ ማን ጠየቀኝ?»

መምሬ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ «እውነት ነው እቴ» አሉ። ገበሬው ሊከራከር ጀምሮ ተወው። እናትየው ቀጠሉ። «ለእኔ ጉዱ ካሳ እብድ አልነበረም። ሰብለን እንደ ሰው ያናገራት እሱ ነው። ሌላው ሁሉ ስለ እሷ ነው የሚያወራው፤ እሱ ግን ከእሷ ጋር አወራ። እኔም ሴት ልጆቼን ትምህርት ቤት የሰደድኩት በዚያ ነገር ነው። አባታቸው አይሆንም ሲል፣ ፊታውራሪ መሸሻን ሆንክ አልኩት። ስቆ ተወኝ።»

በዚያ ጽዋ ላይ ከተነገረው ሁሉ ለእኔ ይህ ይበልጥብኛል። ከሳቂዎቹ መካከል የተሳቀበት ራሱ እንደሆነ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ትረካው ጌታውን ከነካ ገበሬው ይስቃል፤ ካህኑን ከነካ ወታደሩ ይስቃል፤ ጓዳ ያሉት ግን ሁሉንም ያያሉ። ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን ያውቁ ነበር። ሰብለ ወንጌልን የዋህ ብቻ አድርገው አልተዉአትም፤ በመጨረሻ የአባቷን ቤት ትታ በእግሯ እንድትወጣ አድርገዋታል። መጨረሻው ሞት ነው፤ በዛብህም፣ ሰብለም፣ ካሳም። እናትየው ለዚህም መልስ አላቸው፦ «ሲሞቱ ያለቀሰው ያ ሁሉ ሲስቅ የነበረው ወንድ ነው። ያን ዕለት ጠላ የጠየቀኝ አልነበረም።»

ከወጋየሁ በኋላ ቀልድ በአገራችን አልቀረም። አለባቸው ተካና ልመነህ ታደሰ ጥንድ ሆነው አሳቁን፤ ካሴታቸው ብዙ ቤት ገባ። በኋላም በ2011 ዓ.ም. በፋና ቴሌቪዥን «ምን ልታዘዝ» የተባለው ድራማ አንድን ካፌ አገር አድርጎ የዘመኑን ፖለቲካ ሲነካ ስንቱ በጉጉት ተከታተለው። የብልባላ ወጣት ዛሬ ይህን ሁሉ በስልኩ ያያል። የወጋየሁን ትረካም በሚሞሪ እያስጫነ ይሰማል፤ ጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ፣ ለብቻው። መስማቱ መልካም ነው። ግን አንድ ነገር ቀርቷል። ለብቻው የሚሰማ ልጅ፣ ሌላው ሰው የት ላይ እንደሳቀና የት ላይ ዝም እንዳለ አያይም። ካድሬውና መምህሩ የተያዩት፣ የባለጉልቱ የልጅ ልጅ ቀድሞ የሳቀው፣ እናትየው ከጓዳ ሆነው የታዘቡት፣ ሁሉም አንድ ቤት ውስጥ ስለነበሩ ነው።

ለመምህሩ «ቀድታችሁታል?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። በካሴት ቀድተው በሳጥን አስቀምጠውት ነበር። የሰሜኑ ጦርነት በ2013 ዓ.ም. ክረምት ላስታ ሲደርስ ከቤታቸው ወጥተው ሲመለሱ ሳጥኑ የለም። የጠፋባቸው ብዙ ነገር ነው፤ ከሁሉ የሚቆጫቸው ግን ካሴቱ ነው። «ትረካውማ በስልክ ይገኛል» አልኳቸው። «የእኔ ካሴት ላይ ሰዎቹ ነበሩበት» አሉኝ። ራዲዮኑን በካሴት ሲቀዱ የቤቱ ሳቅም አብሮ ተቀድቶ ነበር። ከሳቂዎቹ የሚበዙት ዛሬ በሕይወት የሉም።

ስለዚህ የምለምናችሁ አለኝ። የኢትዮጵያ ራዲዮን መዝገብ የምትጠብቁ ሰዎች፣ የወጋየሁን ትረካ ከዋናው ቅጂ ጥርት አድርጋችሁ፣ የተላለፈበትን ቀንና ያዘጋጁትን ሰዎች ስም ጽፋችሁ ለሕዝብ አውጡት፤ ሕዝቡ በየዩቲዩቡ የተቆራረጠ ሲሰማ አይኑር። በላስታም፣ በዋግም፣ በሌላም አገር የድሮ ካሴት ያላችሁ፣ በላዩ ላይ ሌላ አትቅዱበት፤ አትጣሉት፤ ድምፁን ወደ ስልክ የሚያዛውርላችሁ ልጅ ፈልጉ። አያቶቻችሁ ያሉላችሁ ደግሞ በሚቀጥለው ጽዋ ወይም በዓል ላይ ትረካውን አንድ ላይ ክፈቱና አብራችሁ ስሙት። ሲያልቅም የቱን እንደማይረሱ ጠይቋቸው። ከጓዳ ያሉትን አስቀድማችሁ ጠይቁ።